ጎጆዋ፦ በቤተሰብ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሳችሁ።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁ ልጆቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፤ እንኳን ወደ ጎጆዋ በደኅና መጣችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሽታው ላስረዳ። ጠዋት ከመኪና እንደወረዳችሁ አፍንጫችሁን በነጠላ ስትሸፍኑ አይቻለሁ። ከሜሪላንድ የመጣችው የእህቴ ልጅማ «የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ነው?» ብላ በጆሮዬ ጠይቃኛለች። አልሞላም፤ ባለፈው ዓመት ያስመጠጥንበት ደረሰኝ ገንዘብ ያዣችን ጋ አለ። ሐይቃችን ባቦጋያ ተገላብጦ ነው።

ይህ ሐይቅ ወንዝ የሞላው ሜዳ አይደለም። ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ ይሆናል። የላዩ ውኃ በፀሐይ እየሞቀ፣ የታቹ እንደቀዘቀዘ፣ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ብዙውን የዓመቱን ጊዜ ይኖራሉ። የታቹ አየር የሌለው፣ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ውኃ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የሌሊቱ ብርድ ሲጠና የላዩ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ የታቹ ይወጣል፣ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዳንድ ዓመት በጣም ይብሳል። ልጅ ሆነን አንድ ጠዋት ስንወርድ ቆሮሶው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ዳር ዳሩን ተነጥፎ አየን። ወንድሞቼ ሲሳይ የወረደ መስሏቸው በቅርጫት መልቀም ጀመሩ። ከጓሮ የመጣ ጎልማሳ ቅርጫቱን ከእጃቸው ተቀብሎ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ መልሶ ውኃ ውስጥ ገለበጠው። ከዚያ በኋላ ነው «ሐይቁ የተገላበጠ ቀን ዓሣ አይበላም» ያለን። ያንን ሰው አስታውሱልኝ። ንግግሬ በሙሉ ስለ እሱ ነው፤ «ስለ እሳቸው» ልበል፣ ያኔ ግን እኛ ሕፃናቱ እንኳ አንተ ነበር የምንላቸው።

እንደምታውቁት ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ክረምት የአያታችንን ጥቁር ደብተር ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሁላችንም በሩቁ እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ መስታወት ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፎቶ እንነሣበታለን። ከፍቶ ያነበበው ግን ያለ አይመስለኝም።

አያታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቅዳሜ ከለገሃር ተሳፍረው፣ በአቃቂና በዱከም አልፈው፣ እዚህ ይወርዱ ነበር። ያን ጊዜ ከተማው ደብረ ዘይት ነው የሚባለው፤ ስሙ ወደ ቢሾፍቱ ከተመለሰ ስንት ዓመቱ፣ ትልቋ አክስታችን ግን ዛሬም «ደብረ ዘይት ልወርድ ነው» ይላሉ። አይዞዎት እትዬ፣ ማንም አያርምዎትም።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ 1953 ዓ.ም. ይላል። «ቆርቆሮ 24። ሚስማር 3 ኪሎ። ጭድ 6 ጭነት። ጭቃ ለሚያቦኩ ጠላ።» ከጠላው ጎን በቀይ እርሳስ «በዛ» ተብሎ ተጽፏል። በሚቀጥለው ገጽ ግን ጠላው አለ፤ በሦስተኛውም አለ። ጭቃ በደረቅ ጉሮሮ እንደማይቦካ ኋላ ገብቷቸዋል መሰለኝ። ምሰሶዎቹን ዞር ብላችሁ እዩአቸው። እነዚያ ወፍራም ብረቶች ከአገልግሎት የወጣ ሐዲድ ናቸው። ምስጥ 60 ዓመት ሲዞራቸው ኖሮ ተስፋ ቆርጧል። በረንዳው በ1958 ዓ.ም. ተጨመረ። በዚያው ዓመት የብየዳ ሠራተኛ ጓደኞቻቸው የብረት ጀልባ ሠርተው አመጡላቸው፤ ቄስ ተጠርቶ፣ ጠበል ተረጭቶ፣ ሁሉም ቆሞ እያጨበጨበ ወደ ውኃ ተገፋች። ሰጠመች። አሁንም እዚያ ታች ናት። ደብተሩ ላይ «ጀልባ» ይልና ዋጋው ተሠርዟል።

እኛ ልጆቹ እዚህ ነው ያደግነው ማለት ይቻላል። ጆሯችን ከአየር ኃይሉ ጋር አደገ፤ ኤፍ 5 በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥና አያታችን ማንኪያቸውን አየር ላይ ይዘው ጸጥ እስኪል ይጠብቁ ነበር። ኋላ ሚጎቹ መጡ፤ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ይለያቸዋል። የአዳ ጤፍ እንጀራ በረንዳው ላይ፣ እግር ጥፍራችን ድረስ እርጥብ እንደሆንን። ይህን ሁሉ በየዓመቱ ስለምናወራው ዛሬ አላረዝመውም።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። በየወሩ መጨረሻ አንድ መስመር አለ። «ዘበኛ፣ 12 ብር።» ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሳይዛነፍ፣ በዚያች በተስተካከለች እጅ ጽሑፍ። እስከ ሰኔ 1967 ዓ.ም.። በሐምሌ መስመሩ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋዝ አለ፣ ስኳር አለ፣ የእድር መዋጮ አለ፤ አያታችን በ1974 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ጽፈዋል። ዘበኛ የሚል መስመር ግን ተመልሶ አልመጣም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣበት ቀን ነው። አዋጁ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይፈቅዳል። አያታችን የአዲስ አበባው ቤት ነበራቸው። ጎጆዋ ግን በእሳቸው ስም አልነበረችም፤ ነርስ ሆና ደመወዝ ለያዘችው፣ ከዚህች በቀር ሌላ ቤት ላልነበራት ለመጀመሪያ ልጃቸው ካርታው ዞሮ ነበር። ትልቋ አክስታችን ለአካለ መጠን ከደረሱ ቆይተዋል። በአዋጁ በራሱ ቋንቋ ቢነበብ ጎጆዋ ትርፍ ቤት አልነበረችም። ያን ጊዜ ግን አዋጅ አንብቦ የሚከራከር ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል እናንተው ታውቃላችሁ። ቀበሌው «በስምሽ ያዞሩት ሊደብቁት ነው» አላቸውና ቤቱ ተወሰደ።

እስካሁን በዚህ መድረክ ላይ ሲነገር የኖረው ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ከዚያ በ1991 ዓ.ም. ቤታችን ተመለሰልን።» እኔም ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ ቆሜ እንደዚያው ብያለሁ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን 24 ዓመት በአንድ «ከዚያ» ዘለልኩት።

የዘለልኩት ይህን ነው። ቀበሌው ቤቱን የሚያከራየው ሰው ሲፈልግ፣ ዘበኛችን ጓሮ ባለችው ክፍል ከሚስታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሌላ ሰው ገብቶ ሳይፈነጭባት ራሳቸው ሄደው ተከራዩ። በወር 9 ብር። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፤ አያታችን ጡረታቸው ለራሳቸውም አልበቃ። ጤፍ በማጨድ፣ ዓሣ በማስገር፣ እንጨት በመፍለጥ እየከፈሉ ቆዩ። ደረሰኞቹን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ በሲባጎ እያሰሩ፣ በየዓመቱ አንድ እስር አድርገው አስቀምጠዋል። ጣሳው ይኸው። ልጃቸው ናት ባለፈው ክረምት አውጥታ የሰጠችኝ፤ ለምን ዛሬ ብዬ ብጠይቃት «የጠየቀን ስላልነበረ» አለችኝ።

ቆጠርኩት። ከጥቅምት 1968 እስከ ሰኔ 1991 ዓ.ም.፣ 285 ደረሰኝ። አንድም ወር አልጎደለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ኦዲት ሳደርግ እንዲህ ያለ ንጹሕ ፋይል የገጠመኝ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ከላይ ያሉት ወረቀቶች አልፎ አልፎ ምስጥ ቀምሷቸዋል፤ በ1977ቱ እስር ላይ የልጅ እጅ የሚመስል የወጥ ጣት አሻራ አለ።

እናንተስ ያኔ የት ነበራችሁ ብትሉ፣ እዚሁ ነበርን። ይህ ነው ሌሊት የሚያስነሣኝ። በዓል ሲደርስ እንመጣ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ስንደርስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀናል። የአያታችን ፎቶ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ያ ፎቶ የሚሰቀለው እኛ ስንመጣ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላውን ጊዜ በጆንያ ተጠቅልሎ ጎተራ ውስጥ ይደበቅ እንደነበር የሰማሁት አሁን ነው። ኪራይ የሚከፍለው ቤተሰብ ማድ ቤት ገብቶ ያድራል፤ እኛ አልጋው ላይ እንተኛለን። እንግዶቹ እኛ ነበርን፤ ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። እሁድ ስንመለስ እንቁላልና ሎሚ ይጨመርልናል።

በ1987 ዓ.ም. ከአዋጆቹ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች የሚመረመሩበት አዋጅ ቁጥር 110 ወጣ። አክስታችን ካርታቸውን ይዘው አመለከቱ። አራት ዓመት ፈጀ፤ ስለ መመላለሱ አላወራም፣ እሳቸው ሲያወሩ ስትሰሙ ትስቃላችሁ፣ እኔ ሳወራ አያስቅም። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ተከራዩ። ቤቱን 23 ዓመት የኖሩበት ሰው ናቸው፤ ውል በስማቸው ነው፤ ደረሰኝ በእጃቸው ነው። አለቅም ቢሉ ነገሩ ሌላ አራት ዓመት ይሄድ ነበር፤ ምናልባትም አይመለስም። ተጠርተው ምን አሏቸው? አክስታችን አጠገባቸው ነበሩ፤ እንደሰሙት ነው የምነግራችሁ። «የሰው ቤት ስጠብቅ ነበር፤ ባለቤቷ ይኸው መጣች።» ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ጓሮዋ ክፍል ተመለሱ።

እኛስ ምን አደረግን? ዘበኛ ብለን ቀጠርናቸው። ደመወዝ ቆረጥንላቸው፤ ለዚያውም ሁለት ስብሰባ ተከራክረንበት፣ ቃለ ጉባኤው አለ።

አንድ ጊዜ፣ ከማረፋቸው ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ለምን እንዳደረጉት ጠይቄአቸዋለሁ። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ነበር። «አያትሽ ቁልፉን ሲሰጡኝ ጠብቅ አሉኝ» አሉ። «በቃህ ያለኝ የለም።» ቆይተው ደግሞ ያን ግራር በከዘራቸው አመለከቱኝ። እኛ የእኛ ግራር የምንለው፣ ዥዋዥዌ ያሰርንበት፣ ሁለት ሠርግ ያገባንበት ግራር። «አባቴ በሬውን እዚያ ሥር ነበር የሚፈታው» አሉ። አባታቸው የዚህ ጠርዝ መሬት ጭሰኛ ነበሩ። አያታችን ከባላባቱ ገዝተው ሲያጥሩት አጥሩ የወደቀው በእሳቸው ማሳ መካከል ነው። ልጁ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረው ማሳው ስለታጠረ ነው። ይህንንም ስልሳ ዓመት ሙሉ የጠየቀ አልነበረም። ደብተሩ ላይ «ቦታ ግዢ» የሚል መስመር አለ፤ ከማን እንደተገዛ ይናገራል፣ ማን ሲያርሰው እንደነበር አይናገርም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገረው ወደ አጀንዳ ብገባ ውሸት ይሆናል።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. እሁድ የኢሬቻ ቀን ነበር። በሆራ አርሰዲ የደረሰውን ታውቃላችሁ፤ በበዓሉ የወጣ ሰው በግርግር አለቀ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ለረጅም ሰዓት እምቢ ብሎ ማታ ላይ ገባልኝ። አነሡት። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ምን ነበር? «ቤቱ ደኅና ነው?» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። የኔትወርክ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። «ቤቱ ደኅና ነው» አሉኝ። «እኛም ደኅና ነን።» ልጃቸው ያን ቀን ከሆራ በአንድ እግር ጫማ ተመልሳ፣ እኔ ስደውል አጠገባቸው ተቀምጣ ታለቅስ እንደነበር የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እሷም አልነገረችኝም፤ ጎረቤት ነው የነገረኝ።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጉባኤ። በእጃችሁ ያለው ወረቀት ላይ አራት አጀንዳዎች አሉ። ሁላችሁም የመጣችሁት ለሦስተኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእሱ ስትሉ ከዱባይ ሳይቀር በረራ ያዛችሁ። ሎጆች ከግራ ከቀኝ ከበውናል፤ ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ ቁርስ በልቶ እዚህ ቡና መጠጣት ቀልድ ሆኗል፤ የቦታው ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። አንድ ባለ ሀብት ቦታውን በረጅም ጊዜ ኪራይ ሊወስድ ጥያቄ አቅርቧል። እንነጋገርበታለን። ላከራይ የሚለውም ልጠብቅ የሚለውም ወገኔ ነው፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ዘንድሮ ካልተቀየረ የሚጠበቅ ነገር እንደማይኖርም ልብ በሉ።

አንደኛው አጀንዳ ግን ከሦስተኛው መቅደሙ በድንገት አይደለም። ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የመተዳደሪያ ደንባችን ሊቀ መንበር ወገን አይያዝ ይላል፤ ዛሬ እይዛለሁ፣ ቅር ያለው በአራተኛው አጀንዳ፣ ምርጫው ላይ፣ ይነሣብኝ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የእኚያ ሰው ቤተሰብ በማኅበሩ መዝገብ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ይግባ፤ እንደ ሰባቱ የአያታችን ልጆች ሁሉ ስምንተኛ ሆኖ፣ እኩል ድምፅ ይኑረው። የጓሮዋ ክፍልም ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ በልጃቸው ስም ትዙር።

ተቃውሞዎቹን በስልክ ሰምቻቸዋለሁ። «ደመወዝ ሲከፈላቸው ኖሯል» የሚለውን በቁጥር ልመልስ። ከሐምሌ 1967 እስከ ሰኔ 1991 ዓ.ም. ያልተከፈለው ደመወዝ፣ በዚያው በ12 ብር ሒሳብ፣ 3,456 ብር ነው። በእኛ ፈንታ ለቀበሌ የከፈሉት ኪራይ 2,565 ብር ነው። ድምሩ 6,021 ብር። ዛሬ ደኅና በግ አይገዛም። እንክፈላቸውና እንገላገል የምትል አንተ ወንድሜ፣ በግ ገዝተህ ልትገላገል ነው? የቱን የወለድ ስሌት እንደምንጠቀም ብትነግረኝ ቁጭ ብዬ እሠራልሃለሁ፤ ውጤቱን ግን አትወደውም።

«ወራሾች አይደሉም» የሚለው ደግሞ እውነት ነው። በሕግ አይደሉም። እኛም በ1991 ዓ.ም. አንድ ሰው «አለቅም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንወርሰው አልነበረንም።

«ይህ ከሦስተኛው አጀንዳ በኋላ ይታይ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ቤቱ ይከራይ አይከራይ የሚለውን ከወሰንን በኋላ ድምፅ ብንሰጣቸው፣ ስለ ምን ሊሰጡት ነው? በሦስተኛው አጀንዳ ላይ እጅ የሚያወጣው ማን እንደሆነ የሚወስነው አንደኛው ነው።

ከፊት ረድፍ በቀኝ በኩል አንድ ወንበር ባዶ ነው። ሰው የቀረ መስሏችሁ ቦርሳ ያስቀመጣችሁበት አንሡልኝ። እህቴ፣ አዎ አንቺን ነው፣ ረከቦቱን ለልጆቹ ተይላቸው። የዛሬውን ቡና እነሱ ያፍሉት፤ ቢያሳርሩትም እንጠጣለን። ነይ እዚህ ተቀመጪ።

ጸሐፊያችን፣ ምልአተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጠው አንደኛውን አጀንዳ ያንብቡልን።